የሽቦ ጥቅል በኦም ሲመዘን፤ ቮልትና አምፔር ለነጋዴ የሚሰጡት አገልግሎት

ነጋዴ ቡና ሲገዛ ፍሬውን በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ አስቆልቶም ይቀምሳል። ቅቤ ሲቀርብለት ያሸታል፤ ከተጠራጠረም ጥቂት አቅልጦ ዝቃጩን ይመለከታል። ወርቅ ሲሆን በመፈተኛ ድንጋይ ፍቆ ቀለሙን ያነጻጽራል፤ ጨርቅ ሲሆን ጫፉን በጣቱ አሽቶ፣ ክሩን መዝዞ ድርና ማጉን ይመረምራል። ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የንግድ ዕውቀት ነው። ይኸው ብልህ ነጋዴ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ በብዙ ጥቅል ሲያስመጣ ወይም ከጅምላ ሻጭ ሲረከብ፣ በላስቲኩ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቦ ከማመን በቀር የሚያደርገው ምርመራ እምብዛም የለም። ሽቦ አይቀመስም፤ አይሸተትም፤ ውስጡም በላስቲክ ተሸፍኗል።

ቡና ቢከፋ ገዢው ያማርራል፤ ጨርቅ ቢሳሳ ባለቤቱ ቶሎ ይቀይራል። ሽቦ ከተጻፈበት መጠን ቢያንስ ወይም መዳብ ነው ተብሎ ሌላ ብረት ቢሆን ግን የሚከተለው ጉዳት በሻጩና በገዢው መካከል በሚደረግ የዋጋ ክርክር የሚያበቃ አይደለም። በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱ አንድ ሰው የገጠማቸው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

እኚህ ነጋዴ አርባ ጥቅል ሽቦ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ገዝተው ነበር። ጥቅሉ መቶ ሜትር፣ በላስቲኩ ላይ የታተመው መጠን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ዋጋውም ከገበያው ትንሽ ረከስ ያለ ነበር። ሁለቱን ጥቅል እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ ሸጡላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ወይዘሮዋ የጠቆረ ሶኬትና የቀለጠ ላስቲክ ያለበት የሽቦ ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ሽቦ እንጀራዬን ትቶ ግድግዳዬን ሊጋግርልኝ ነበር» አሉ።

«እመቤቴ፣ ሽቦው እኮ 2.5 ነው፤ ያው ተጽፎበታል። ምናልባት ሁለት ምጣድ በአንድ መስመር አድርገው ይሆናል።»

«ምጣዴ አንድ ነው። እሱም ከዚህ ሽቦ በፊት ሦስት ዓመት ያለ ነገር ሠርቷል። ብሬከሩስ ቢሆን ለምን አልወረደም?»

ነጋዴው ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ መልስ አላገኙም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበርና ወደ ጎረቤት ልከው፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠሩ። ወጣቱም የጠየቃቸው ነገር አስገረማቸው፤ የመኪና ባትሪ፣ አንድ የመኪና አምፖልና ሁለት ቴስተር ነበር።

ወጣቱ ያደረገውን ከመተረክ በፊት አራት ስሞችን ማብራራት ይገባል። ስሞቹ በየዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፉ ስለ ሆኑ ማንም ነጋዴ በየቀኑ ያያቸዋል፤ ዝምድናቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ቮልት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛት መለኪያ ነው። ኦም ሽቦው ወይም ዕቃው ኮረንቲው እንደ ልብ እንዳያልፍ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ዋት ደግሞ ዕቃው በየሰከንዱ የሚወስደው የኃይል መጠን መለኪያ ነው። በቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የውኃ ታንከር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፤ ይህ ቮልቱ ነው። በቧንቧው የሚወርደው ውኃ አምፔሩ ነው። ቧንቧው በጠበበና በረዘመ ቁጥር ውኃው ይቀንሳል፤ ይህም ኦሙ ነው።

የእነዚህን ዝምድና በሙከራ አጣርቶ የጻፈው ጀርመናዊው ጌዮርግ ሲሞን ኦም ነው። የቁልፍ ሠሪ ልጅና በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ መጽሐፉንም በ1827 እ.ኤ.አ. በበርሊን አሳተመ። ሙከራውን ያደረገው ርዝመታቸው ልዩ ልዩ በሆነ ሽቦዎች ላይ ነበርና የሽቦ ነጋዴ ሁሉ የእርሱ ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገሩ የተደረገለት አቀባበል ቀዝቃዛ ስለ ነበር ኦም የማስተማር ሥራውን ለቀቀ። በ1841 እ.ኤ.አ. ግን የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤም ስሙን ለተቃውሞ መለኪያ አደረገው።

ሕጉ አጭር ነው። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ኦም ይገኛል። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋት ይገኛል። ከማካፈልና ከማባዛት ሌላ የሚጠይቀው ሒሳብ የለም።

በወይዘሮዋ ቤት ያለውን ምጣድ እንውሰድ። ምጣዱ የተሠራው ለ220 ቮልት ሲሆን 16 አምፔር ይስባል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ይሆናል፤ ይህ ከሸክላው ሥር የተጠመጠመው ሽቦ ተቃውሞ ነው። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት፣ ማለትም ሦስት ተኩል ኪሎዋት ያህል ይሆናል። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው። እንጀራ ሻጭ የመብራት ሒሳቡን በየእንጀራው ላይ ለማከፋፈል ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የዕቃው ቋሚ ጠባይ ኦሙ ነው እንጂ ዋቱ አይደለም። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋት የሚገኘው ግፊቱ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ቮልት ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ 180 ለ13.75 ሲካፈል 13.1 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ይህም በ180 ሲባዛ 2,360 ዋት ገደማ ነው። ቮልቱ የወረደው ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ሲሆን ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛውን አጣ። «ምጣዱ አይግልም፣ ዓይኑም አይወጣም» እያሉ ዕቃ ይዘው ወደ ሱቅ ከሚመለሱት ደንበኞች ብዙዎቹ የተበላሸ ምጣድ ሳይሆን የደከመ ግፊት ይዘው የመጡ ናቸው። ሻጩ ቴስተር ይዞ ቤታቸው ድረስ ቢሄድ ወይም ምጣዱን በሱቁ ቢለካው ያለ ጠብ ይለያያሉ።

ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ ይከፋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ የውኃ ማፍያ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም አገር ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም አለ። የአሜሪካ ቤቶች የሚጠቀሙት 120 ቮልት ነው። በማፍያው ሰሌዳ ላይ 120 ቮልት፣ 1,200 ዋት ተብሎ ቢጻፍ፣ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል 10 አምፔር፣ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል 12 ኦም ይሆናል። ይህ 12 ኦም ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ አይለወጥም። በአገራችን 220 ቮልት ላይ ሲሰካ 220 ለ12 ሲካፈል 18.3 አምፔር፣ ዋቱም ከ4,000 በላይ ይሆናል፤ ይኸውም ከተሠራበት ልክ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። የሶኬቱን ጫፍ በመለወጫ አስማምቶ መሰካት ቅርጹን ያስማማል እንጂ ግፊቱን አያስማማም። ግፊቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢፈለግ ደግሞ 1,200 ዋት የሚሸከም መሆን አለበት፤ የእሱም ዋጋ ብዙ ጊዜ ከማፍያው ዋጋ ስለሚበልጥ ንግዱ ኪሣራ ይሆናል። በሰሌዳው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈባቸው የስልክና የኮምፒዩተር ቻርጀሮች ግን በሁለቱም አገር ይሠራሉ። ስለዚህ አስመጪው ማዘዣውን ከመፈረሙ በፊት የሰሌዳውን ፎቶግራፍ እንዲላክለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ከዚህ የቀለለ ጥንቃቄ የለም።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ወጣቱ ባትሪውን፣ የመኪናውን አምፖል፣ የሽቦውን ጥቅልና አምፔር እንዲያነብ ያዘጋጀውን አንደኛውን ቴስተር በተከታታይ አገናኘ፤ ኮረንቲው ከባትሪው ወጥቶ በሁሉም አልፎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። አምፖሉ የተጨመረው ኮረንቲው ከልክ እንዳያልፍ ነው። ሁለተኛውን ቴስተር ቮልት እንዲያነብ አድርጎ በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ አሳረፈው።

«ቴስተሩ ኦም የሚለካበት ቦታ አለው አይደል፤ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አሉ ነጋዴው።

«አለው ጋሼ፤ ግን የምንፈልገው ከአንድ ኦም በታች ነው። የቴስተሩ የራሱ ገመድ ብቻ ጥቂት አሥረኛ ኦም ስላለው የሽቦውን ከገመዱ መለየት አይቻልም። በዚህ መንገድ ግን ቮልቱ የሚነበበው ከጥቅሉ ጫፎች ስለ ሆነ ገመዱ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም» ሲል መለሰ።

በመጀመሪያ ከሌላ ዕቃ ላኪ የተገዛና ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ ባለ 2.5 ጥቅል ተለካ። አምፔሩ 1.6፣ በጥቅሉ ጫፎች መካከል ያለው ቮልት 1.18 ሆነ። ሲካፈል 0.74 ኦም ያህል ነው። ከዚያም ወይዘሮዋ ከገዙት ዓይነት አንድ ያልተነካ ጥቅል ተለካ። አምፔሩ 1.5፣ ቮልቱ 1.8 ሆነ፤ ሲካፈል 1.2 ኦም ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምን እንደሚሉ የሚያስረዳ ሚዛን አለ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስለ ሽቦ ባወጣው በ60228ኛው ደረጃ መሠረት፣ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ አንድ ወጥ ከሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀት ተቃውሞው በኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም መብለጥ የለበትም። በመቶ ሜትር ጥቅል 0.741 ኦም ማለት ነው። ባለ 1.5 ሽቦ እስከ 12.1፣ ባለ 4 እስከ 4.61፣ ባለ 6 እስከ 3.08 ኦም በኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጠቀለለው ተጣጣፊ ሽቦ ትንሽ ይጨምራል፤ ባለ 2.5 ተጣጣፊ ለኪሎ ሜትር እስከ 7.98 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደረጃው ሽቦውን የሚዳኘው በውፍረቱ ሳይሆን በኦሙ መሆኑ ነው። በላስቲኩ ላይ የታተመው 2.5 ስም ነው፤ ኦሙ ደግሞ ግብሩ።

የመጀመሪያው ጥቅል በሚዛኑ ላይ ልክ ቆመ። ሁለተኛው ስሙ ባለ 2.5፣ ግብሩ ግን ባለ 1.5 ሆነ። ወጣቱ ጫፉን በቢላዋ ሲፍቀው ቀዩ ቀለም እንደ ቀለም ቅብ ተነሥቶ ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ፤ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነበር። ነጋዴው ጥቅሉን በሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡት ጠየቃቸው። መቶ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ላስቲኩ ሲጨመር ከዚያ በደንብ ያልፋል። የተጠረጠረው ጥቅል ከነላስቲኩ ሁለት ኪሎ አልሞላም። እንዲህ ያለውን ጥቅል ባትሪም ቴስተርም ሳያስፈልግ የሱቅ ሚዛን ብቻ ያጋልጠዋል፤ ብዙ ባለሱቆች ይህን አለማወቃቸው የሚያስቆጭ ነው። ሻጮቹ ግን ያውቃሉ፤ ዓይን እንዲሞላ ላስቲኩን ያወፍሩታል። አንዳንዱ ጥቅል ደግሞ ርዝመቱ ከመቶ ሜትር ያንሳል፤ ያጠረ ሽቦ ኦሙ ስለሚቀንስ ቅጥነቱን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ለፈተና ከተመረጡት ጥቅሎች አንዱን ፈትቶ በሜትር መለካት አይከፋም። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ የሚለካ ሰውም መዳብ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ተቃውሞው ከመቶ 0.4 ያህል እንደሚጨምር ያስታውስ፤ በ30 ዲግሪ 0.77 ኦም ያነበበ ጥቅል ጥፋት የለበትም።

ወይዘሮዋ «ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ሲሉ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ጄምስ ፕሬስኮት ጁል በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄውም የነጋዴ ጥያቄ ነበር፤ በጠመቃው ፋብሪካ ያለው የእንፋሎት ሞተር በአዲሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢተካ ወጪው ይቀንስ ይሆን? በባትሪው ውስጥ የሚያልቀው ዚንክ ከድንጋይ ከሰል ይልቅ እንደሚወደድ ስላየ ሐሳቡ አላዋጣውም። ሒሳቡን ሲያጣራ ግን ሽቦ ለምን እንደሚግል ደረሰበት። በ1841 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በኦሙ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በኪሣራ የተዘጋ የፋብሪካ ሐሳብ ለዓለም እንዲህ ያለ ትርፍ ያስገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በወይዘሮዋ ቤት ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ሠላሳ ሜትር ነው፤ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው ስድሳ ሜትር ይሆናል። እውነተኛ ባለ 2.5 ቢሆን ተቃውሞው 0.44 ኦም ነው። 16 አምፔር ሲያልፍበት በመንገድ ሰባት ቮልት ያህል ይቀራል፤ በሽቦው ላይም 114 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተሸጠላቸው ሽቦ ግን 0.72 ኦም ነው፤ የሚቀረው ቮልት 11.5፣ ሙቀቱም 184 ዋት ይሆናል። ልዩነቱ 70 ዋት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ለሚጋግር ሰው በወር ከአሥር ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ እንጀራ ሳይነካ ግድግዳ ሲያሞቅ ያልፋል፤ ያልፋል ቢባልም በቆጣሪው ላይ ተቆጥሮ ነው።

ይህ ሙቀት በስድሳ ሜትር ላይ ስለሚበተን ብቻውን ቤት አያቃጥልም። አደጋው ያለው በመገጣጠሚያው ነው። አልሙኒየም ለስላሳ ስለ ሆነ በብሎን ሥር ሲጠበቅ እየጎደጎደ ይላላል፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ መላላቱ ይጨምራል፤ አየር የነካው ገጹም ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ ቆዳ ያወጣል። በዚያች ነጥብ የግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 16 በ16 ሲባዛ 256፣ የዚህም ግማሽ 128 ዋት ነው። ከአንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል የሚበልጥ ሙቀት በብሎን ጫፍ ላይ ተከማችቶ በሶኬት ውስጥ ይቀመጣል። ብሬከሩስ? ብሬከር የሚያውቀው አምፔርን ብቻ ነው። አምፔሩ 16 ነው፤ እንዲያውም በተጨመረው ተቃውሞ የተነሣ በጥቂቱ ቀንሷል። ስለዚህ ላስቲኩ እየቀለጠ ሳለ ብሬከሩ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ዝም አለ።

ሕጉ ሁሉን ዕቃ እንደ ምጣድ የሚያሳይ እንዳይመስል ሁለት ነገሮችን መጨመር ያስፈልጋል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ጠፍቶ ሲለካና በርቶ ሲለካ ኦሙ አንድ አይደለም። ባለ መቶ ሻማው አምፖል በርቶ ሳለ 484 ኦም ሲሆን፣ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ይነበባል፤ ይህን ያላወቀ ዕቃ ተረካቢ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ሞተር ያላቸው ዕቃዎች፣ ማቀዝቀዣ፣ ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ናቸው። በእነዚህ ላይ ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኘው ቮልት አምፔር ይባላል፤ እውነተኛው ዋት ከዚያ ያነሰ ነው። በሰሌዳው ላይ 0.8 የሚል የኃይል ቁጥር የተጻፈበት 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ጄኔሬተር 4 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ጄኔሬተር ሻጩ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ገዢው አንድ ኪሎዋት እንደተሰረቀ ይቆጥረዋል። ሞተር ከምጣድ የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው፤ ቮልቱ ሲወርድ ምጣድ አምፔሩን ይቀንሳል፣ ሸክም የያዘ ሞተር ግን ይጨምራል። ወፍጮ ቤቶች በደከመ ግፊት ሲሠሩ ሞተር የሚቃጠልባቸው ስለዚህ ነው።

የመርካቶው ነጋዴ ለወይዘሮዋ ገንዘባቸውን መለሱ፤ መስመሩንም በእውነተኛ ሽቦ በራሳቸው ወጪ አስቀየሩላቸው። የቀሩት ሠላሳ ስምንት ጥቅሎች ግን ገንዘብ ናቸው። ጅምላ ሻጩ ዕቃው ከተረከበ በኋላ አልመልስም አለ፤ በደረሰኙም ላይ «ባለ 2.5 ሽቦ» ከማለት በቀር ስለ መዳብም ሆነ ስለ ኦም የተጻፈ ቃል ስላልነበረ የሚከራከሩበት አጡ። አንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ በቅናሽ ሊወስድላቸው ጠየቃቸው። ባለቤቱ በሰማይ ርቀት ያለ ቤት ቢቃጠል ማን ያውቃል ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥቅሎቹን አስገፈው ብረቱን በኪሎ ለቀላጮች ሸጡት፤ ከከፈሉት ገንዘብ የተመለሰው ከጥቂቱ በላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በሚጽፉት ማዘዣ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል። «ሽቦው ንጹሕ መዳብ፤ ባለ 2.5 አንድ ወጥ፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም የማይበልጥ፤ የጥቅሉ ርዝመት ከ100 ሜትር የማያንስ፤ በርክክብ ጊዜ ከመጣው ዕቃ ገዢው በመረጣቸው ጥቅሎች ላይ ተለክቶ ይህን ካላሟላ ዕቃው በሻጭ ወጪ የሚመለስ።» ይህን ቃል ያነበበ አንድ አቅራቢ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ፤ ሌላው ጭራሽ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ባትሪው፣ አምፖሉና ሁለቱ ቴስተሮች ዛሬም ከባንኮኒው ሥር ተቀምጠዋል፤ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ከየአሥሩ ጥቅል አንዱ ይለካል።